ስለ ቤት እርጥበትና ስለ ሻጋታ

ቡሬ ከመቱና ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ፥ በኢሉባቦር ምዕራብ በኩል የምትገኝ ከተማ ናት። ከርሷ በታች ምድሩ ወደ ባሮ ሜዳ ያዘቀዝቃል፤ በዙሪያዋ ግን ደን፥ ቡናና የንብ ቀፎ የሞላበት ከፍተኛ አገር ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ውኃ ተሸክሞ ከቈላው ሲመጣ ይህን ከፍታ ይገጥምና ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣም ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የተሸከመውን ያፈሳል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናም እጅግ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዱ ይህ ነው። በጎሬ በዓመት ውስጥ የሚወርደው ዝናም ቢለካ ከ1,800 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ የአዲስ አበባው ግን 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱም በመጠን ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ብርቱው ዝናም ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፥ በመቱ፥ በጎሬና በቡሬ ግን ከመጋቢት ወይም ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል።

ይህ ዝናም ለአገሩ ሀብት ነው። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር የሚያፈራው፥ ንቡ አበባ የማያጣው፥ የሶር ወንዝ በመቱ አቅራቢያ በፏፏቴ የሚወረወረው በርሱ ነው። ነገር ግን በደጅ ሀብት የሆነው ውኃ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል። በሐምሌና በነሐሴ ከአልጋ ሥር የተቀመጠ ጫማ አረንጓዴ ዱቄት ይለብሳል፤ በሣጥን የታጠፈ ጋቢ ይሸታል፤ በመሶብ የቈየ እንጀራ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነጭና ጥቍር ነጥብ ያወጣል፤ ከአልጋው ራስጌ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ይጠቍራል። የቤቱ እመቤት ጥቍረቱን በጨርቅ ትጠርገዋለች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በዚያው ስፍራ ተመልሶ ይታያል። ስለ ምን ይመለሳል? የጠረገችው ነገር ዕድፍ ሳይሆን ሕያው ፍጥረት ስለ ሆነ ነው።

የሻጋታ ጠባይ

ሻጋታ ከእንጉዳይ ወገን ነው። በደን የሚበቅለው እንጉዳይ፥ በእንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፥ ጠላና ጠጅ የሚያፈላው እርሾ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። እነዚህ ፍጥረቶች እንደ ተክል ከፀሓይ ብርሃን ምግባቸውን ማዘጋጀት አይችሉም፤ ስለዚህ ሌላው ፍጥረት የሠራውን ይበላሉ። የሻጋታ ምግቡ እህል፥ ዕንጨት፥ ቆዳ፥ ጥጥ፥ ወረቀት፥ በጭቃ ውስጥ የተቦካ ጭድም ነው። ከቀጫጭን ክሮች የተሠራው አካሉ በሚበላው ነገር ውስጥ እንደ ሥር ይገባል፤ በላይ የሚታየው አረንጓዴ ወይም ጥቍር ዱቄት ዘሩ ነው እንጂ አካሉ ሁሉ አይደለም። ዱቄቱን ብቻ የጠረገ ሰው ፍሬ ለቀመ እንጂ ዛፍ አልነቀለም።

ዘሩ ከትቢያ ይልቅ የረቀቀ ስለ ሆነ በአየር ላይ ተንሳፎ ወደ ሁሉ ስፍራ ይሄዳል። የሻጋታ ዘር የማይገባበት ቤት የለም፤ በአዳራሽም በጎጆም አለ። ይህ ዘር እንዲበቅል ምግብ፥ መጠነኛ ሙቀትና ውኃ ያስፈልጉታል። ምግቡ ቤቱ ራሱና በውስጡ ያለው ዕቃ ነው፤ ሙቀቱም ለሰው የሚስማማው ሙቀት ነው። እነዚህን ሁለቱን ማስቀረት የሚችል ሰው የለም። ሊከለከል የሚችለው ውኃው ብቻ ነው። የረጠበ ዕቃ በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ፈጽሞ ቢደርቅ ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ አይይዘውም፤ ከዚያ በላይ ረጥቦ ቢቈይ ግን ዘሩ ይነቃበታል።

ይህን ተማሪዎች በትምህርት ቤት ሊፈትኑት ይችላሉ። ከአንድ እንጀራ ሁለት ቍራሽ ይወሰድ፤ አንዱ በፀሓይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሁን፤ ሁለተኛው እንደ ረጠበ ይቅር። ከዚህ በኋላ ሁለቱ በሁለት ብርጭቆ ዕቃ ገብተው ይከደኑ። እርጥቡ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ጠጕር ያለ ነገር ያበቅላል፤ ድርቆሹ ግን ለወራት ሳይበላሽ ይቈያል። ለመንገደኛ ስንቅ ድርቆሽ የሚመረጠው ስለዚህ ነው። የሻገተበትን ዕቃ ሁሉም በመስተዋቱ አሻግረው ይዩት እንጂ ክዳኑን አይክፈቱት፤ ቢከፈት ዘሩ በክፍሉ ይበተናል።

ሻጋታ ሁሉ ጠላት ነው ማለት ግን አይደለም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባሉ ሐኪም፥ የበሽታ ተሐዋስያን በሚያሳድጉበት ሳሕን ላይ ድንገት የወደቀ ሻጋታ በዙሪያው ያሉትን ተሐዋስያን ሲያጠፋ አዩ፤ ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒት ከዚህ ተገኘ። ቢሆንም ከዚህ ተነሥቶ በራስጌው የበቀለው ሻጋታ ያድነኛል የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። መድኃኒቱ ተጣርቶና ተለክቶ የሚሰጥ ነው፤ የግድግዳው ሻጋታ ግን ሰው ተኝቶ ሳለ ሳይለካ ወደ ሳንባው ይገባል።

ጉዳቱም ይህ ነው። በእርጥብ ቤት የሚኖር ሰው ያስላል፤ አፍንጫው ይታፈናል፤ ዐይኑን ያሳክከዋል፤ የአስም በሽታ ያለበትም ትንፋሽ ያጥረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ስለዚህ ነገር መምሪያ አሳትሞ፥ የቤት እርጥበትና ሻጋታ ከሳልና ከአስም ጋራ የተያያዘ መሆኑን አስታውቋል። ከሁሉም ይልቅ የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ በ2020 መጨረሻ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። አባትየው ሻጋታ በቤታቸው መኖሩን ለአከራዮቹ አስታውቆ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን በቀለም ቀባው የሚል ነበር። በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ዳኛ፥ ሕፃኑ የሞተው በቤቱ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ከሻጋታ ጋራ በመኖሩ በደረሰበት የመተንፈሻ በሽታ መሆኑን ወሰኑ። በ2023ም የማኅበር ቤቶችን የሚያከራዩ ሁሉ እንዲህ ያለውን ጉዳት በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያስወግዱ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ሀብታም በሆነ አገር፥ ሐኪም ቤት በቀረበበት ከተማ፥ ሻጋታ በቀለም ስለ ተሸፈነ አልጠፋም። በቡሬ ግድግዳ ላይም ኖራ ተቀብቶ ከሥሩ ያለው ውኃ ካልተነሣ ነገሩ እንደዚሁ ነው።

ውኃው የሚገባባቸው በሮች

አንደኛው በር ምድር ነው። የኩራዝ ክር ላምባውን ከታች ወደ ላይ እንደሚስብ፥ የጭቃ ግድግዳም ከረጠበ መሬት ውኃ ይስባል። ስለዚህ ከታች የመጣ እርጥበት እስከ ጕልበት ወይም እስከ ወገብ ድረስ ወጥቶ ዳር ዳሩን እንደ ካርታ ይሥላል፤ ምርጉም ይላላል፤ የምሰሶውና የግድግዳው ዕንጨት ከመሬት ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ይበሰብሳል። መድኃኒቱ ከቤቱ ውጭ ነው። በቤቱ ዙሪያ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቦይ ይቈፈር፤ ቦዩም ወደ ተዳፋቱ ውኃውን ይውሰድ እንጂ እንደ ኵሬ አያቍረው። የቤቱ ወለል ከደጁ መሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውን በድንጋይ መሠረት ላይ ቢያቆም ለልጅ ልጁ ይተርፋል። የጣራው ክፈፍም ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ይውጣ፤ ክፈፉ አጭር የሆነ ቤት ጥላ እንደሌለው መንገደኛ በዝናም ይመታል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሊነገር ይገባል። ገንዘብ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ያስለስናል፤ ቤቱም ለጊዜው ያማረ ይመስላል። ዳሩ ግን ጭቃ የጠጣውን ውኃ ወደ አየር ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ይህን ትንፋሽ ይዘጋበታል። ውኃው ከልስኑ በስተኋላ ታስሮ ይቀራል፤ ጭቃው ውስጥ ውስጡን ይረግፋል፤ ልስኑም ሰንጥቆ ይወድቃል። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው በጭድ የተቦካ ምርግ፥ በላዩም የኖራ ቅብ ነው። ኖራ ያስተነፍሳል፤ ብርቱ መራራነቱም ሻጋታ በላዩ እንዳይበቅል ለጊዜው ይከለክላል። ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላልና የሚያበርደው ዐዋቂ ሰው ይሁን፤ ልጆች ይራቁ፤ ወደ ዐይን የገባ እንደ ሆነ ብዙ ውኃ እየፈሰሰበት ይታጠብና ወዲያው ወደ ሐኪም ይኬድ።

ሁለተኛው በር ጣራ ነው። የሣር ክዳን ሲያረጅ፥ የቈርቈሮም ሚስማር ሲላላ ውኃ ያስገባል፤ ይህ ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሳይዘንም ከቈርቈሮ ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ ግን ብዙ ሰው ያስደንቃል፤ እርሱ የሚመጣው ከሦስተኛው በር ነው።

ሦስተኛው በር ሰው ራሱና ሥራው ነው። አየር ውኃን በማይታይ ተን መልክ ይሸከማል። አየር ሲሞቅ እንደሚሰፋ ሲቀዘቅዝም እንደሚጠብ ስልቻ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን 17 ግራም ያህል ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን ከ9 ግራም ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ይይዛል፤ የቀረው ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ተማሪው ብርድ ብርድ የሚል የምንጭ ውኃ በብርጭቆ ሞልቶ ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ቢያኖረው ብርጭቆው ከውጭ ሲያልበው ያያል። ይህ ላብ ከብርጭቆው ውስጥ የሾለከ አይደለም፤ ከክፍሉ አየር የወረደ ነው። ሰማይ በጠራበት ሌሊት ቈርቈሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይሰድና ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ወደ ላይ ወጥቶ ሲነካው ውኃ ይሆናል፤ በማለዳም ይንጠባጠባል።

አሁን ስሌት ይመጣል። አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ በትንፋሹና በላቡ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 40 ግራም ያህል ውኃ ያወጣል። ስድስት ሰዎች ዘጠኝ ሰዓት ቢተኙ ድምሩ ሁለት ሊትር ገደማ ይሆናል። የሚተኙበት ክፍል ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ወርዱ 4 ሜትር፥ ከፍታውም 2 ሜትር ተኩል ቢሆን የሚይዘው አየር 40 ሜትር ኩብ ነው። ይህም አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ700 ግራም የሚበልጥ ውኃ መሸከም አይችልም። እንግዲህ ክፍሉ ከተዘጋ የቀረው ውኃ የት ይገባል? በግድግዳው፥ በፍራሹ፥ በጋቢውና በጣራው ነው። በዚህ ላይ የቡናና የወጥ እንፋሎት፥ የታጠበ ልብስ፥ ሌሊት በቤት የሚያድር ጥጃ ይጨመራል። ደግሞም እርጥብ ማገዶ አለ። አዲስ የተቈረጠ ዕንጨት ከክብደቱ ግማሹ ያህል ውኃ ነው፤ 20 ኪሎ የሚመዝን ሸክም በቤት ውስጥ ቢደርቅ 8 ሊትር የሚያህል ውኃ በቤቱ አየር ላይ ያፈሳል። ማገዶ በደጅ በዳስ ሥር ይከመር።

ግድግዳው የረጠበው ከምድር ይሁን ወይም ከአየር ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ በረጠበው ስፍራ ላይ ተለጥፎ ዙሪያው በሸንበቆና በሚስማር አየር እንዳያስገባ ይጥበቅ፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቈይ። ውኃው ከላስቲኩ በስተኋላ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ከግድግዳው ውስጥ የመጣ ነው፤ ቦይ ይቈፈር፥ ክፈፍም ይታይ። ውኃው በላስቲኩ ፊት በክፍሉ በኩል ከተገኘ ግን ከአየሩ የመጣ ነው፤ መስኮት ይከፈት። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው መስኮት ለሚያስፈልገው ቤት ቦይ ይቈፍራል፤ ቦይ ለሚያስፈልገውም መስኮት ይበሳል።

ጢሱ ከወጣ በኋላ

የቀድሞው የሣር ቤት ምድጃው በመካከሉ ነበር፤ ዛሬም እንዲህ ያለ ቤት በገጠር ይገኛል። ጢሱ በሣሩ ክዳን ውስጥ እየሰረገ ይወጣል፤ ሲወጣም እርጥቡን አየር ይዞት ይሄዳል። ጥቀርሻው ወጋግራውንና ማገሩን ይለብሰዋል፤ ምስጥና ሻጋታም በቀላሉ አይደፍሩትም። ከምድጃው በላይ የተሰቀለ የበቈሎ ዛላ ክረምቱን ሳይሻግት የሚያልፈው ስለዚህ ነው። አባቶች የሻጋታን ዘር በመሣሪያ ባያዩትም እሳትና የሚያስተነፍስ ክዳን እንደሚያርቁት ያውቁ ነበር።

ይሁን እንጂ ለዚህ ጥቅም የሚከፈለው ዋጋ እጅግ ከባድ ነው። የእናቶች ዐይን የሚቀላው፥ በጀርባ የታዘሉ ሕፃናት ሳንባ የሚታመመው በዚያው ጢስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዓለም ሁሉ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞቱት ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ያህላሉ። ስለዚህ ምድጃውን ከመኝታ ቤት ወደ ማድቤት ያወጣ ሰው መልካም ሥራ ሠርቷል፤ ሻጋታን ፈርቶ መልሶ ሊያገባው አይገባም።

ዳሩ ግን ጢሱ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ ሰው ያስታወሰው ክፋቱን ብቻ ነው። ቤቱን የማድረቅና አየሩን የማስወጣት ሥራው ወራሽ ሳያገኝ ቀረ። በሣሩ ፈንታ የመጣው ቈርቈሮ አያስተነፍስም። መስኮቱም ለብርድና ለሌባ ተብሎ ጠበበ፤ ሲመሽም ይዘጋል። ከቈርቈሮው የሚንጠባጠበውን ለመከልከል አቡጀዲ ወይም የተሰፋ ማዳበሪያ ከሥሩ ይወጠራል፤ ጠብታው ከዐይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም፤ ከተወጠረው ጨርቅ በላይ ሻጋታው ሰው ሳያየው ይበቅላል። ቈርቈሮ ቤት ይበርዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱ የቈርቈሮው ብቻ አይደለም፤ የቤቱ አፍንጫ ተዘግቶ ነው።

አፍንጫው እንዲህ ይከፈታል። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣልና፥ ከጣራው ጫፍ ሥር በሁለቱ ወገን ባለው ሦስት ማዕዘን አንድ ስንዝር ተኩል የሚያህል ቀዳዳ ይተው፤ ወፍና አይጥ እንዳይገቡ የሽቦ ወንፊት ይደረግበት፤ ዝናም እንዳይገርፈውም ክፈፉ ይከልለው። ይህ ቀዳዳ ሌሊትም አይዘጋም። ከታች ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ቢኖሩ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ አንድ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ግን አፉን ወደ ነፋስ እንደከፈተ ጠርሙስ ነው፤ ነፋሱ በላዩ ያልፋል እንጂ አይገባበትም። አልጋና ሣጥን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቁ፤ ከራስጌ በስተኋላ የሚጠቍረው አየር ስለማይደርስበት ነው። ለጣራውም የተወጠረ ጨርቅ ካለ በዳርና በዳር ክፍት ይተውለት።

አንዳንድ ሰው ጕም እንዳይገባ ብሎ ክረምቱን ሙሉ መስኮት አይከፍትም። ይህ ነገር እውነት ይመስላል፤ በሰው ለሞቀ ክፍል ግን አይሠራም። የውጭው አየር 14 ዲግሪ ሆኖ ጕም የሞላበት ቢሆን አንድ ሜትር ኩቡ የሚይዘው ተን 12 ግራም ያህል ነው። ይህ አየር ሰው ወዳለበት 20 ዲግሪ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ 17 ግራም መሸከም ይችላል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አምስት ግራም የሚያህል ውኃ ከቤቱ ጠጥቶ ይወጣል። እንግዲህ ሰዎች ተኝተው በተነሡበት ክፍል ማለዳ ጕም ቢኖርም መስኮቱን መክፈት ይጠቅማል። ማንም የማይተኛበት ቀዝቃዛ የዕቃ ክፍል ግን ፀሓይ ወጥታ ደጁ ሲደርቅ ብቻ ይከፈት፤ እርጥብ የቀትር አየር ወደ ቀዘቀዘ ክፍል ቢገባ ጤዛውን በዕቃው ላይ ያወርዳል።

ቤት ለማድረቅ ብሎ ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛም አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኙ ሰዎችን ሳያነቃ ይገድላል።

የሻገተውን ስለ ማጽዳት

በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ የተሰጠ ሥርዓት አለ። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ ይደረጋል፤ ከዚያ ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ደዌው ቢሰፋ የተበከለው ድንጋይ ይወጣል፥ ምርጉም ተፍቆ ከከተማ ውጭ ይደፋል፥ ሌላም ይመረጋል፤ ደዌው ተመልሶ ቢወጣ ቤቱ ይፈርሳል። የሥርዓቱ ትርጓሜ ለሊቃውንቱ ነው፤ የሥራው ተራ ግን ዛሬም ለግንበኛ የሚጠቅም ነው። ዕቃ ሳይወጣ ፍቆ ማጽዳት ዘሩን በዕቃው ላይ መዝራት ነው፤ በረጠበ ግድግዳ ላይም አዲስ ምርግ ማስገባት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

የሚያጸዳው ሰው አፍንጫውንና አፉን በወፍራም ጨርቅ ይሸፍን፤ ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች ከቤት ይውጡ፤ መስኮትና በር ይከፈቱ። ሻጋታው ደርቆ ሳለ በመጥረጊያ ከተመታ ዘሩ ይቦናልና አስቀድሞ በውኃ ይርከፈከፍ። ጠንካራና ለስላሳ የሆነ ነገር፥ ማለት ብርጭቆ፥ ቈርቈሮ፥ ቀለም የተቀባ ዕንጨት፥ በሳሙናና በውኃ ታሽቶ ይደርቅ። በእነዚህ ላይ በረኪና በብዙ ውኃ በጥብጦ መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን በረኪናን ከአቸቶ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋራ የቀላቀለ ሰው መርዝ አየር ያወጣል። የጭቃ ግድግዳ ግን በረኪናም አይደርስለትም፤ የሻጋታው ክር ወደ ውስጥ ገብቷልና ምርጉ ደኅናው እስኪገኝ ድረስ ተፍቆ ይውጣ፤ ግድግዳው በበጋ ለሳምንታት ይድረቅ፤ ከዚያ ይመረግ። ልብስና ቁርበት ታጥበው ወይም ተራግፈው በብርቱ ፀሓይ ይሰጡ። ሻጋታ የገባበት የጭድ ፍራሽ ጭዱ ይቃጠል እንጂ አይራገፍ።

እህልና ቡና በቤት ሲቀመጡ

በአንድ ጣራ ሥር ሰውና ጎተራ አብረው ስለሚያድሩ የቤቱ እርጥበት ወደ እህሉም ይደርሳል። በ1960 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ ተርኪ የተባሉ ዶሮ መሰል ወፎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ነገሩ ሲመረመር የበሉት የኦቾሎኒ ፋጕሎ ሻጋታ ይዞት እንደ ነበረ ተገኘ፤ ሻጋታው የሠራውም መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ በበቈሎ፥ በኦቾሎኒና በበርበሬ ላይም ይገኛል፤ ጕበትን ይጎዳል፤ በተራ ማብሰልም ፈጽሞ አይጠፋም። የሻገተ በቈሎ ታጥቦና ተፈጭቶ ቢጋገር መርዙ ከእንጀራው ጋራ ይበላል፤ ለላም ቢሰጥ በወተቱ ይመለሳል። ድሃ ቤት እህል መጣል እጅግ ከባድ ነገር ነው፤ ስለዚህ ብልኃቱ አስቀድሞ ማድረቅ ነው። በቈሎ ከመከማቸቱ በፊት በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ይድረቅ፤ ጎተራውም ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቁም።

የቡናም ነገር እንደዚሁ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ላይ የንግድ ስፍራ ከተፈቀደ በኋላ፥ የጎሬና የአካባቢው ቡና በበቅሎ እየተጫነ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። መርከብ ወደ ጋምቤላ ሊደርስ የሚችለው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር፤ ቡና የሚለቀመው ግን በበጋ ነው። እንግዲህ ከለቀማው እስከ መርከቡ መምጫ ድረስ ባሉት ወራት ቡናውን ከእርጥበት መጠበቅ ግድ ነበር። ዛሬ ቡናው በመኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ የእርጥበቱ ሕግ ግን አልተለወጠም። የደረቀ ቡና በውስጡ የሚቀረው ውኃ ከመቶ 12 እጅ ገደማ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ በብዙ ቢበልጥ ይሻግታል፥ ጣዕሙም ይበላሻል። ጀንፈሉ በመሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣ፤ ማታና ዝናም ሲመጣ ይሸፈን፤ ጆንያውም በሳንቃ ላይ ተነሥቶ ከግድግዳ ይራቅ። ያልደረቀ ቡና በመኝታ ቤት የሚያሰጣ ሰው ቡናውንም ቤቱንም አብሮ ያሻግታል።

የሥራው ወራትና የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት

በዚህ አገር ለቤት ሥራ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። በኅዳር ግድግዳውን መመርመርና የተበላሸውን ምርግ ፍቆ መጣል ይገባል፤ ታኅሣሥና ጥር ለማድረቅ ይተዉ፤ በጥር መጨረሻና በየካቲት ይመረግ፥ ኖራም ይቀባ፥ ቦዩም ይጠረግ፥ የላላው ሚስማር ይመታ። በመጋቢት ዝናም ከጀመረ በኋላ የተመረገ ግድግዳ እስከ ጥቅምት ሳይደርቅ ይከርማል።

በትምህርት ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡት መጻሕፍት ናቸው። የመጻሕፍት ሣጥን ወይም መደርደሪያ ውጫዊውን ግድግዳ ተጠግቶ አይቁም፤ ከወለሉ በድንጋይ ወይም በጕማጅ ዕንጨት ይነሣ፤ መጻሕፍቱም አየር እንዲያገኛቸው ተጣበው አይደርደሩ። ተማሪዎች በየተራቸው ፀሓይ በወጣችበት ቀትር ሣጥኑን ይክፈቱ፤ ዝናም ሲመጣ ይዝጉ። የተማሪዎቹ የረጠበ ካባና ባርኔጣ ከመጻሕፍቱ ርቆ በበረንዳ ይሰቀል። ዝናም የነካው መጽሐፍ ቢኖር በዚያው ቀን ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተለያይተው ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ይቁም፤ በብርቱ ፀሓይ ቢሰጣ ወረቀቱ ይጨማደዳል፥ ቀለሙም ይነጣል። ሻጋታ የጀመረው መጽሐፍም ከሌሎቹ ተለይቶ አስቀድሞ ይድረቅ፤ ዱቄቱ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በደጅ፥ ነፋስ ከኋላ ሲነፍስ፥ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።